ቶረን፣ ሆረን፣ ዶረን

ድንበር የትም ቢሆን ሰላም ኖሮት አያውቅም፤ የአየርላንድ ቋንቋ ግን ቃሉን ራሱን እንኳ ተረጋግቶ እንዲቆም አልፈቀደለትም። ቶረን ማለት ድንበር ነው። «የእሱ»፣ «የእሷ» እና «የእነሱ» ለማለት ደግሞ ሦስቱንም የምታገለግል አንዲት «አ» አለች። ታዲያ የማን መሆኑ በምን ይለያል? በቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ! «አ ሆረን» ከተባለ ወሰኑ የሰውየው ነው፤ «አ ቶረን» የሴትዮዋ፤ «አ ዶረን» የእነሱ። እኛ ዘንድ ለአንድ ክንድ መሬት ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ምስክር ይቆጠራል። እዚያ ግን ጥርሱ የረገፈ ምስክር ቢቀርብ «ቶ»ም «ዶ»ም አይወጣለትምና ርስቱ ምንጊዜም ለሰውየው መፈረዱ ነው።

ቃሏ በሰዋስው ሴት ናት። ሴትነቷን ግን ደብቃ ነው የምትኖረው፦ «አን» የሚለው መስተኣምር (እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለው) ሲቀድማቸው ብዙ እንስት ስሞች የመጀመሪያ ድምፃቸው ሲላላ፣ እሷ በ«ት» ስለምትጀምር ፍንክች አትልም። የምትጋለጠው የባለቤትነት ነገር ሲነሣ ነው፤ ያኔ «አን» በእንስት ስም ፊት ወደ «ና» ይለወጥና «ና ቶረን» ትባላለች። (የባለቤትነት ነገር ሲነሣ ያልተጋለጠ ማን አለ?) በጥንቱ አይሪሽ (በአየርላንድ ቋንቋ) ትርጉሟ ንድፍም ወሰንም ነበር፤ ሥሯ ምልክት ማድረግ ነው።

የጥንቶቹ የአየርላንድ ዳኞች ደግሞ የዋዛ አልነበሩም። በ7ኛው መቶ ዘመን ስለ ንብ የተጻፈው ሕጋቸው የጎረቤት አበባ የቀሰመችን ንብ አጥር ጥሳ እንደ ገባች ላም ይቆጥራታል፤ ባለ ቀፎውም ለጎረቤቱ የንብ መንጋ ማካፈል ነበረበት። ንቧ ወሰን መዝለሏን ያየው ማን እንደሆነ ብቻ ግራ ይገባኛል።

ይህን የጥንት ሕግ ሲመረምር የኖረ ኦይን ማክኒል የሚባል የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ቋንቋውን ከሞት ለማዳን የተነሣውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። አገሪቱ በ1921 «ሰሜን» እና «ደቡብ» ተብላ ለሁለት ስትከፈል የተሰመረውን መስመር እንዲያርሙ ሦስት ሰዎች በ1924 ኮሚሽን ሆነው ሲቀመጡ፣ አንዱ እሱ ሆነ። የኮሚሽኑ የአይሪሽ ስም «ኮሚሹን ና ቶረን» ነው፤ ሰዋስው አልተሳሳተም። በኅዳር 1925 የኮሚሽኑ ካርታ ሾልኮ በለንደን ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ፕሮፌሰሩም ሥራውን ለቀቀ፤ በታኅሣሥ የብሪታንያና የሁለቱ አየርላንዶች መንግሥታት መስመሩ እንዳለ ይቀመጥ ብለው ተስማሙ። ሪፖርቱ እስከ 1969 ድረስ አልታተመም።

የደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝበት ዶኒጎል የተባለው አውራጃም እስከ ዛሬ «ደቡብ» ውስጥ ነው የሚቆጠረው።