ድምፃችሁን የት አደረጋችሁት?

በኖርዌይ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። የወንድም ቁጣ ነውና ታገሡኝ።

በምኖርበት ኮሙነ፣ ማለትም በአካባቢዬ አስተዳደር፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ተባለ። የብዙዎቻችን ልጆች የሚማሩበት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በቡናው ዙሪያ፣ በስልክ ስንት ወር ሙሉ አወራን! ጉዳዩ በኮሙነው ምክር ቤት የሚታይበት ምሽት ደረሰና ሄድኩ። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው፤ ከተወካዮቹ ጀርባ ለሕዝብ የተደረደሩ ወንበሮች አሉ። ኖርዌጂያኑ ወላጆች ዝናብ ያረጠበውን ካፖርታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሕፃናቱን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከእኛ ወገን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ተወካይ ተነሥታ ከወላጆች የደረሷትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ጠቀሰች። ከእኛ የተጻፈ አንድም አልነበረም። ያን ሁሉ ወር የተናገርነው ለራሳችን ጆሮ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ከኮሙነው ወደ ላይ ቀና በሉ። የኖርዌይ ፓርላማ የስቶርቲንግ ፕሬዚዳንት ሆነው በኖቬምበር 2021 የተመረጡት ማሱድ ጋራኻኒ በ1982 በቴህራን ተወለዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኖርዌይ የገቡት በ1987፣ በአምስት ዓመታቸው ነው፤ ያደጉትም ስኮትሴልቭ በምትባል ትንሽ መንደር። የያዙት ወንበር በክብር ቅደም ተከተል ከንጉሡ ቀጥሎ ያለው ነው። ፎቶግራፋቸውን ያየ ወገኔ «ዕድለኛ ሰው» ሲል ሰምቼ አዝኛለሁ። ሰውዬው በድራመን ከተማ ምክር ቤት ለዓመታት ተቀምጠዋል። ኮሙነ ውስጥ የሚነሣው የመዋለ ሕፃናት፣ የአረጋውያን መጦሪያና የመንገድ ጉዳይ ነው፤ ጋዜጣ የማይጽፍለት፣ የሚያንቀላፋ ስብሰባ ብዙ ነው። ለከንቲባነት ተወዳድረው ሳይሆንላቸው ቀርቷል፤ ተቀይመው ግን ቤታቸው አልገቡም። በ2017 ከቡስኬሩድ የምርጫ ክልል ለስቶርቲንግ የተመረጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የአገሬው ሰውም ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚገባው። ኤርና ሱልበርግ በ1979 በበርገን ከተማ ምክር ቤት ተጠባባቂ አባል ሲሆኑ የ18 ዓመት ወጣት ነበሩ። ስቶርቲንግ የገቡት ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከተጠባባቂ ወንበር እስከዚያ 34 ዓመት! እኛ ደግሞ በአንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ከብዶናል።

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብለው ያሳደጉንን ወላጆቻችንን አልወቅስም። ያን ምክር የሰጡን ልጆቻቸውን ቀብረው፣ ያልቀበሩትንም በየእስር ቤቱ ደጅ ስንቅ ይዘው ጠብቀው ነው። ምክሩ የብዙዎቻችንን ነፍስ አትርፏል። እዚህ ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምትፈሩት ማንን ነው? ስለ አዲስ አበባ ሹም ሽር እስከ እኩለ ሌሊት የምትከራከሩ ሰዎች የኮሙነአችሁን ከንቲባ ስም ስጠይቃችሁ ለምን ትተያያላችሁ?

«ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ መምረጥ አልችልም» የሚለውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ስሕተት ነው። ለስቶርቲንግ ምርጫ የኖርዌይ ዜግነት ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። ለኮሙነና ለፊልከ (ኮሙነዎችን ለሚያቅፈው ክፍለ ሀገር) ምርጫ ግን እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ በኖርዌይ በነዋሪነት ተመዝግቦ የኖረ የውጭ ዜጋ ዕድሜው ከደረሰ ይመርጣል፤ ይመረጣልም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ፓስፖርታችሁን ያልለወጣችሁ ሁሉ ይህ መብት በእጃችሁ ነው። ለመራጭነት መመዝገብ እንኳን አያስፈልግም፤ መታወቂያ ይዞ መሄድ ይበቃል።

ባለፈው የኮሙነ ምርጫ፣ በሴፕቴምበር 2023፣ እኔ የመረጥኩት በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። መጋረጃው ውስጥ ገባሁ፤ የየፓርቲው ወረቀት ተደርድሯል። ከዕጩዎቹ ስም አጠገብ ትንሽ ሳጥን አለች፤ የምትፈልጉትን ሰው ለይታችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ። ወረቀቱን አጠፍኩ፣ አስመራጯ ጀርባውን በማኅተም መታችው፣ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያቺን ሳጥን አትናቋት። ትንሽ ኮሙነ ውስጥ የአንድ ዕድር አባላትን የሚያህል ሰው አንድ ስም ላይ ምልክት ቢያደርግ፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለን ዕጩ ምክር ቤት ሊያስገባው ይችላል። ሌሎች ስደተኞች ይህን አውቀው ሠርተውበታል። እኛ ዕድር ማቋቋም የሚያህለን የለም፣ ምልክት ማድረግ ግን አቃተን።

«ልጄ ዶክተር ይሆናል» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ኖርስኩን ከእናንተ በተሻለ ይናገራሉ፤ የትምህርት ቤታቸውን ችግር ያውቃሉ። ልጃችሁ የፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ስብሰባ ልሂድ ሲላችሁ «ትምህርትህ ላይ አተኩር» ብላችሁ አትመልሱት። በመኪና አድርሱት፣ ሲያልቅም መልሱት።

የሚቀጥለው የኮሙነ ምርጫ በሴፕቴምበር 2027 ነው። የዕጩዎች ዝርዝር የሚዘጋው በዚያው ዓመት በማርች 31 ስለሆነ፣ ፓርቲዎቹ ሰው የሚመርጡት ከዚያ አስቀድሞ ባሉት ወራት ነው። በኦገስት የሚነቃ ሰው የሚያገኘው ሌሎች የጻፉትን ዝርዝር ብቻ ነው። የምክር ቤቱ ስብሰባዎች ቀን ደግሞ በየኮሙነው ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ ኮሙነ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። ከጎኔ ቦታ አለ።