በርጩማውና ትራሱ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ የጀበና ቡና ቤት፣ ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ፖለቲከኛ በሀብታምና በድሃ መካከል ስላለው ልዩነት ሊያወያዩን መጡ። «ዝቅ ብዬ ከእናንተ እኩል ልቀመጥ» ብለው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች የጅማ በርጩማ መረጡ፤ ገና ሳይቀመጡ ግን ረዳታቸው ከቪ ኤይቱ የከፋይ ትራስ አምጥቶ ደልደል አደረገላቸው። ሾፌሩም መኪናው ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ እንዳይጠፋ ሞተሩን ስላላጠፋ፣ «ጥቂቶች ጠግበው እያደሩ ብዙኃኑ…» ካሉ በኋላ የተከተለውን የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ከጎኔ የተቀመጠው ባለ ባጃጅ ንግግሩን ትቶ፣ ደጅ የሚነደው ነዳጅ እሱን ስንት ቀን እንደሚያሠራው በጣቱ ይቆጥር ነበር።

እኔም ከሚስቁት ጋር ልስቅ ዳድቶኝ ነበር። ይሁንና ተረታችን «ለጠገበ ሰው የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል፤ እኚህ ሰው ጠግበውም የተራበ መኖሩን ስለደረሱበት ቢያንስ ተረቱን አሳፍረውታል። ደግሞስ ድሃው ስለ ልዩነት ሲያነሳ «ምቀኛ»፣ ሀብታሙ ሲያነሳ «አስመሳይ» ከተባለ ነገሩን ማን ያንሳው? መሐል ያለው እንደሆነ የቤት ኪራይ ሲያሯሩጠው ይመሻል።

ይህንኑ በሹክሹክታ ያዋየኋቸው ሐጂ ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ራስ እምሩም እኮ የንጉሡ ዘመድ፣ ባለ ርስት መኳንንት ነበሩ። ነገር ግን የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከመወረሱ በፊት፣ ማንም ሳያስገድዳቸው የገዛ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው ሰጥተዋል። ታዲያ እሳቸውን አስመሳይ የሚል ሰው ከየት ይመጣል?» አሉኝና እጃቸውን አወጡ።

«ክቡርነትዎ፣ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ሀብትዎን አስመዝግበዋል?»

«በሚገባ!»

«አላህ ይስጥልን። እንግዲያው ከአንድ በላይ ቤት ያለው ሰው ከፍ ያለ ግብር ይክፈል የሚል ሕግ ቢመጣ ይደግፉታል?»

ፖለቲከኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለዋጋ ንረቱም፣ ለሥራ አጡም፣ ለቡና አምራቹም መፍትሔውን ያለ ማስታወሻ ሲዘረዝሩ የቆዩት ሰው፣ ነገሩ የገዛ አጥራቸው ዘንድ ሲደርስ «ይህ ሰፊ ጥናት የሚፈልግ ጉዳይ ነው» አሉ። በእኔ ግምት ንግግራቸውን ያጣመመው ባለጸግነታቸው አልነበረም፤ ያቺ ጥናት ናት። ወዲያው ሌላ ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸውና ተነሡ።

በጥድፊያው ትራሱ በርጩማዋ ላይ ተረሳ። ባለቡናዋ እትዬ ለማስመለስ እስከ ደጅ ብትሮጥም መኪናው አቧራውን አልብሷት ሄደ፤ ሐጂም «ተይው፣ የሀብት ክፍፍሉ መጀመሪያ ይሁነን» አሏት። አሁን እዚያ ቡና ቤት ማልዶ የደረሰ ትራሱ ላይ ይቀመጣል፤ ባለ ባጃጁም ከሦስት ቀን ወዲህ ሥራውን ትቶ ጎህ ሲቀድ እየመጣ፣ የቀረነውን ከላይ ወደ ታች እያየ ስኒውን ያነሣል።