አፕዴት ስትልኩ የቀየራችሁትንም ንገሩን!

ዛሬ የልቤን ካልተናገርኩ አልተኛም። አክሰስ ፖይንት (በአጭሩ ኤፒ፣ ዋይፋይ የምታሰራጨው ዕቃ) የምትሠሩ ድርጅቶች፣ አፕዴት በላካችሁ ቁጥር ሴቲንጋችንን ለምንድነው የምትነካኩት? ከነካካችሁስ በኋላ ለምን አትነግሩንም?

ኮርኒስ ላይ የተሰቀለችው ኤፒ ዝም ብላ አትሠራም። ቻናል (የምትሠራበትን የሬዲዮ መስመር) የመረጠላት፣ ሲግናል የምትልክበትን ጉልበት የመጠነላት፣ የእንግዳውን መስመር ከሠራተኛው የለየ ሰው አለ። ሥራው ሲያምር ማንም አያየውም፣ ሲበላሽ ሁሉም ይደውላል። እሱን ለምደነዋል፣ ብሶቴም እሱ አይደለም።

ብሶቴ አፕዴቱ ነው። "አዲስ ፈርምዌር አለ" የሚል መልእክት ይመጣል፤ ፈርምዌር ማለት ኤፒዋን ከውስጥ የሚያሠራት ሶፍትዌር ነው። ምን እንደተቀየረ ለማወቅ ማብራሪያውን ስትከፍት አንዲት መስመር ታገኛለህ፤ "አንዳንድ ችግሮች ተስተካክለዋል፣ አስተማማኝነቱ ተሻሽሏል" ይላል። የትኛው ችግር? የትኛው ሞዴል ላይ? እኔ ጋ ያለው ነው የሌለው? ይሄን አንብቤ ነው መቶ ሰው የሚሠራበትን ኔትወርክ የማቋርጠው?

እሺ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቀህ አምሽተህ ትጭናለህ። ኤፒዋ ትጠፋለች፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚያች ደቂቃ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ፈርምዌሩ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። መጠባበቂያ ቅጂ የምትይዝ ሞዴል ከሆነች በድሮው ትነሳለች። ካልሆነች መሰላል ይዘህ ወጥተህ ታወርዳታለህ። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ትነሳለች። እፎይ ብለህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።

ጠዋት ስልኩ ይጀምራል። "ዋይፋይ የለም።" "አለ፣ ግን አይከፍትም።" "ትናንት እኮ ይሠራ ነበር፣ ምን ነካችሁት?"

ገብቼ ሳይ በእጄ የመረጥኩት ቻናል "አውቶ" ሆኗል። 20 ሜጋኸርዝ ያደረግኩት የቻናል ስፋት 40 ሆኗል። የቀነስኩት ጉልበት ጣሪያ ነክቷል። ማን ቀየረው? አፕዴቱ። ማን ፈቀደለት? ማንም።

ላልሠራበት ሰው ተራ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ባንዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን እንዲሠሩ በተለምዶ የምንጠቀምባቸው ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ኤፒዎች ሁሉ በነዚህ ሦስት ቻናሎች ማደላደል ማለት የፎቁን ፕላን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር እየዞሩ መለካት ማለት ነው። ግድግዳው ኮንክሪት ነው ወይስ ጂፕሰም? ከላይ ያለው ፎቅ የቱን ቻናል ይዟል? ጎረቤትስ? አንዷን ኤፒ 40 ሜጋኸርዝ ስታደርጋት ብቻዋን የባንዱን ግማሽ ትይዛለች። ሁሉንም ስታደርግማ እርስ በርስ ተራ ሲጠባበቁ ይውላሉ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሌሊት ተሰረዘ ማለት ነው።

የጉልበቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። "ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ጨምርበት እንጂ" የማይል አለቃ የለም። አሁን አምራቾቹም ከሱ ጋር ገጠሙ። ዋይፋይ የሁለት ሰው ወሬ ነው። ኤፒዋ ስትጮህ ስልኩ ይሰማታል፣ ስልኩ ግን በትንሽ አንቴናውና በትንሽ ባትሪው መልሶ መጮህ አይችልም። ስክሪኑ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም። በዚያ ላይ ከአንዷ ኤፒ ወደ ሌላዋ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው በዋናነት ስልኩ ራሱ ነው። የሩቋ ጉልበቷ ከበዛ፣ ቅርቧ አናቱ ላይ ተሰቅላ እያለች ስልኩ የሩቋን የሙጥኝ ይላል። ለዚህ ነው ጉልበት የምንቀንሰው። ስለማናውቅ አይደለም፣ ስለምናውቅ ነው።

5 ጊጋኸርዝ ላይም "አውቶ" የራሱ ጣጣ አለው። ከራዳር ጋር የምንጋራቸው ቻናሎች አሉ። በነዚህ ላይ ኤፒዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለባት። የራዳር ምልክት ያገኘች ከመሰላት ደግሞ ቻናሉን ለቃ መውጣት ግዴታዋ ነው። የቪዲዮ ስብሰባ መሃል ድንገት ሁሉም ሰው ቢቋረጥ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። እኔ እነዚያን ቻናሎች የተውኳቸው አስቤበት ነው።

"ታዲያ አፕዴቱን ተወው" የሚሉኝ አሉ። እንዴት ልተወው? እ.ኤ.አ. በ2017 ማቲ ቫንሆፍ የሚባል ቤልጂየማዊ ተመራማሪ ክራክ የተባለውን የዋይፋይ ደህንነት ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ቀዳዳው የአንድ ፋብሪካ ጥፋት አልነበረም፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ዋይፋይን የሚቆልፈው የደብልዩፒኤ2 አሠራር ራሱ ላይ ነበር። በ2021 ያው ተመራማሪ ፍራግአታክስ የተባሉትን አወጣ። ከነሱ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ ዋይፋይ ውስጥ የኖሩ የዲዛይን ስህተቶች ነበሩበት። ፓስዎርድ መቀየር እነዚህን አይደፍናቸውም። የሚደፍናቸው አፕዴት ነው። አፕዴት የማያደርግ ሰው የሌላውን ሰው መረጃ ለአደጋ ያጋልጣል፣ ስለዚህ አደርጋለሁ።

የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ግዴታ እንዳለብን ያውቃሉ። የደህንነት ጥገናውን ለብቻው አይሰጡንም። ከአዲስ ገጽታ ጋር፣ ቦታው ከተቀያየረ ሜኑ ጋር፣ "በመጀመሪያ የኦንላይን አካውንት ይክፈቱ" ከሚል ግዴታ ጋር አስረው ይልኩታል። በር መዝጊያ ጠይቄ ቤቱን በሙሉ አፍርሰው ይሠሩታል።

ሲመርህ ደግሞ "አዲስ ግዛ" ይሉሃል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ፍጥነት የሁሉም ባንዶች ድምር እንደሆነ፣ አንድ ስልክ ብቻውን እንደማያገኘው አይነግሩህም። ኤሌክትሪኩንም እንዲሁ። ኤፒዎች ብዙ ጊዜ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ስታንዳርድ ስዊቹ (ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዕቃ) ለአንድ ፖርት የሚሰጠው እስከ 15.4 ዋት ነው፣ በ2009ኙ እስከ 30 ዋት። አዲሷን ኤፒ በድሮው ስዊች ላይ ስትሰካት ትነሳለች፣ አረንጓዴ ታበራለች። ግን አንዳንዶቹ ኃይል ስላነሳቸው የተወሰኑ አንቴናዎችን በዝምታ ያጠፋሉ። አዲስ ዕቃ ተገዝቶ ሰው "ከድሮው ምን ተሻለ?" ሲል ጥፋቱ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሰው ላይ ይወድቃል።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የደህንነት ጥገናውን ለብቻው ላኩልን። የትኛው ሴቲንግ ከምን ወደ ምን እንደተቀየረ በዝርዝር ጻፉ። በእጅ የተቀመጠውን አትንኩ፣ መንካት ግድ ከሆነ ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። የባክአፑ ፋይል ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ይሁን፣ የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርገን እንድናይ።

የሙያ ጓደኞቼ፣ እስከዚያው አዲስ ፈርምዌር ሲመጣ መጀመሪያ ብዙ ሰው በማይጠቀምባት አንዲት ኤፒ ላይ ጫኑት፣ ጥቂት ቀን እዩት። ከመጫናችሁ በፊት የቻናሉን፣ የስፋቱንና የጉልበቱን ገጽ ስክሪንሾት ያዙ። የተቀየረባችሁን ስታገኙ ስክሪንሾቶቹን አያይዛችሁ ለአምራቹ የድጋፍ ክፍል ላኩ። "ሪስታርት አድርገው ይሞክሩ" ብለው ቢመልሱላችሁም መልሳችሁ ላኩ።