«ሂዱ» እና «ሄዱ» የሚምታቱበት መጠን

አዲስ የአማርኛ ፎንት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየን በትልቅ ርእስ ተጽፎ ነው። በዚያ መጠን የማያምር ፎንት ጥቂት ነው። ዕድሜውን የሚፈጀው ግን በስልክ መልእክት፣ በመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ በታጠፈ መመሪያና በግርጌ ማስታወሻ ስለሆነ፣ መፈተን ያለበትም እዚያው ነው ባይ ነኝ።

«ሂዱ» እና «ሄዱ» የሚሉትን ቃላት እንይ። አንዱ ትእዛዝ ነው፤ ሌላው ያለፈ ድርጊት። ልዩነታቸውን የተሸከመው በመጀመሪያው ፊደል ግርጌ ያለው ቅጥያ ብቻ ሲሆን፣ ሳልሱ አጭር እግር፣ ኃምሱ ደግሞ ትንሽ ቀለበት አለው። ፊደሉ የ12 ፒክሰል ከፍታ ሲሰጠው ለቀለበቱ ቢደርሰው 3 ፒክሰል ነው፤ ሁለቱን መስመሩ ራሱ ይወስድና ለውስጥ ክፍተቱ አንዲት ፒክሰል ትተርፋለች። መስመሩ ጥቂት ከወፈረ እሷም ትደፈንና ቀለበቱ እግር ይመስላል። አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ይገምታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይገምታል፤ ለብቻው የተጻፈ የሰው ስም ላይ ሲደርስ ግን የሚገምትበት ነገር የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ለትልቅ መጠን የተሣለውን ፊደል እንዳለ ከማሳነስ ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ መጠን ለብቻው ይቀረጽ ስለነበር፣ ትንንሾቹ ሰፋ ያሉ፣ ቀጫጭን መስመሮቻቸውም ወፈር ያሉ ነበሩ። የፊደል ሠዓሊው ማቲው ካርተር ለአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ለኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ ማውጫ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቤል ሴንቴኒያል የተባለው ፎንት፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው በ6 ፖይንት እንዲነበብ የታሰበ ስለነበር፣ መስመሮቹ በሚገናኙበት ቦታ ሆን ተብሎ ተቦርቡሯል፤ በማተሚያው ላይ የሚፈሰው ቀለም ያንን ቀዳዳ ይሞላዋል። አጉልተው ሲያዩት አይጥ የበላው ይመስላል።

በእኛ ፊደልም ለትንሽ መጠን የሚሣለው ቅርጽ ቀለበቱን ማስፋት፣ የሳልሱን እግር ማስረዘም፣ የነጠላና የድርብ ሰረዝን ልዩነት ማጉላት አለበት። ይህ የቆየውን የብራና ጽሕፈት ምጣኔ ያበላሻል የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ ቀለበቱ ራሱ በማይታይበት መጠን ግን ስለ ምጣኔው መከራከር ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ኦፕን ታይፕ በተባለው የፎንት ፋይል ዓይነት የሚዘጋጅ ተለዋዋጭ ፎንት የትልቁንም የትንሹንም ሥዕል በአንድ ፋይል ስለሚይዝ፣ ለርእስ የሚሆነውን ውበት መሠዋትም አያስፈልግም።

ፈተናው ቀላል ነው። «ሂዱ»፣ «ሄዱ»፣ «ስጡ»፣ «ሰጡ»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ» የሚሉትን ቃላት ዐረፍተ ነገር ሳይኖራቸው በ6 ፖይንት አትሞ፣ ፎንቱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብ መስጠት ነው። አንዱ ላይ ካመነታ ሠዓሊው ወደ ቀለበቱ ይመለስ።