ይድረስ ለኤክስ፦ መሸኛ ይጻፍልን

ለኤክስ (በቀድሞ ስምዎ ትዊተር)
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመልቀቂያ መሸኛ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? አዲሱ ስምስ ተስማማዎት? እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ከተሸጡ ወዲህ ደህንነትዎን ሳንጠይቅ ሰነበትን። በጁላይ 2023 ዓርማዎ የነበረችው ወፍ ከደጅዎ መውረዷን ሰምተን አዝነናል። ዛሬም «ትዊተር» ብለን ብንጠራዎት ቅር አይበልዎት፣ ልማድ ሆኖብን ነው።

ይህ ማመልከቻ በአማርኛ ከምንጽፍ የግቢዎ ነዋሪዎች የቀረበ ነው። ማስቶዶን ወደሚባለው ሌላ ማኅበራዊ መድረክ ለመዛወር ወስነናል። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዛወር ሰው መሸኛ ተጽፎለት፣ የቤተሰቡ ቁጥር ተጠቅሶ፣ ማኅተም ተደርጎበት ነው የሚሄደው። እርስዎ ዘንድ መግባት እንጂ መሸኘት እንደሌለ እናውቃለን። ቢሆንም ነገ «ማን ነገረኝ» እንዳይሉን ምክንያታችንንም የምንወጣበትንም መንገድ በዚሁ እናሳውቃለን።

መጀመሪያ የፊደሉ ሂሳብ ይታይልን። ለአንድ ጽሑፍ 280 ፊደል እሰጣለሁ ይላሉ። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ እውነት ነው፤ ዐረብኛም፣ ዕብራይስጥም፣ ሩሲያኛም፣ ጆርጂያኛ እንኳ አንዱ ፊደል አንድ ተብሎ ይቆጠርለታል። የግዕዝ ፊደል ግን እርስዎ ዘንድ ሁለት ነው። በ2017 ከ140 ወደ 280 ከፍ ሲሉ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ስለሚናገሩ በድሮው ልክ ይቆዩ አሉ፤ ለዚህም ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ ላይ ድንበር አሰመሩ። ድንበሩ ጆርጂያኛ ላይ ያልቃል። እኛ ከኮሪያ ፊደላት ቀጥሎ ስለምንገኝ፣ ማንም በስም ሳይጠራን ከወዲያኛው ማዶ ቀረን። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ለማመስገን 25 ይቆርጣሉ። አራት ነጥብ እንኳ ሁለት ይበላል! «ፊደላችሁ አናባቢውን አዝሎ ስለሚሄድ ይካካሳል» ብሎ የሚከራከርልዎት አይጠፋም። ይሁን፤ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚደርሰው ግን ያው 140 ገደማ ነው። ማስቶዶን ላይ የተለመደው ወሰን 500 ነው፣ ሀውም ፐውም አንድ አንድ ይቆጠራል። ሊንክ ምንም ያህል ቢረዝም 23 ብቻ ይወስዳል።

«ርዝመት ከፈለጋችሁ ክፈሉ» ማለትዎንም ሰምተናል። ክፍያው በዶላር፣ ያውም ውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ነዋሪ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው ነገር አለው፤ በ140 ፊደል ስላልበቃው ትተነዋል።

ሰማያዊው ምልክት የዚሁ ክፍያ ዘመድ ነው። ድሮ «ይህ ሰው እሱ ራሱ ነው» ለማለት ነበር። በኖቬምበር 2022 ለ8 ዶላር ለገበያ ሲያወጡት፣ አንዱ የመድኃኒት ኩባንያውን የኤሊ ሊሊን ስም ለብሶ «ኢንሱሊን ከአሁን ጀምሮ በነጻ ነው» ብሎ ጻፈ። ምልክቱ ስለነበረው ሰው አመነ፣ እውነተኛው ኩባንያም ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። በጁላይ 2023 ደግሞ ንባብን ራሱ በራሽን አደረጉት፤ ለሚከፍል 6,000፣ ለማይከፍል 600፣ አዲስ ለመጣ 300 ጽሑፍ በቀን። ኮታውን በኋላ ጨምረውታል፣ ግን ስኳርና ዘይት ያልሆነ ነገር በኮታ ሲታደል ያየነው እርስዎ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ወደ አወጣጡ።

ከእርስዎ ግቢ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አካውንቱን በንዴት የዘጋ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ስለዚህ ነዋሪው መጀመሪያ የኢሜይል አድራሻውንና የስልክ ቁጥሩን ያረጋግጣል፤ የጽሑፎቹን ማኅደር (አርካይቭ) ሲጠይቅ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ወደዚያ ነውና። ጅዳ ወይም ቤሩት በነበረ ጊዜ ባወጣው ሲም አካውንት የከፈተ፣ ሲሙ ከጠፋ ቆይቶ ይሆናል፤ አሁኑኑ ይቀይረው። ከማርች 2023 ጀምሮ ባለሁለት ደረጃ የመግቢያ ኮድን በኤስኤምኤስ የሚልኩት ለከፋይ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው በስልኩ ላይ ኮድ የሚያወጣ አፕ መጫን አለበት።

ከዚያ ሴቲንግስ፣ «ዩር አካውንት»፣ ቀጥሎ «ዳውንሎድ አን አርካይቭ»። ፓስወርድ ይገባል፣ ኮድ ይገባል፣ መጠበቅ ነው። 24 ሰዓት ይላሉ፤ አንዳንዴ ይበልጣል። የሚመጣው ዚፕ ፋይል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተፈትቶ በብሮውዘር የሚከፈተው ገጽ ጽሑፎቹን፣ ፎቶዎቹንና የግል መልእክቶቹን ያሳያል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስቸግራል። ሊንኮቹ በጽሑፉ ውስጥ የሚታዩት በእርስዎ ማሳጠሪያ «ቲ.ኮ» ተሸፍነው ነው፣ ትክክለኛው አድራሻ በዳታው ፋይል ውስጥ ለብቻው ተሸጉጧል። ዳታውን ሳያይ ፋይሉን የጣለ ሰው፣ ማሳጠሪያው በተዘጋ ቀን ሊንኮቹ ሁሉ ድንጋይ ይሆኑበታል።

ሁለተኛው ይባስ። የሚከተላቸው ሰዎች ዝርዝር ተብሎ የሚሰጠው ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው! የቤተሰብ አባላት ዝርዝር ሲጠየቅ የጫማ ቁጥራቸውን ጽፎ የሚሰጥ ቀበሌ አይተን አናውቅም። ቁጥሩን ወደ ስም የሚመልሱና ማን ማን ማስቶዶን ላይ አድራሻ እንዳለው የሚፈልጉ መሣሪያዎች በ2022 መጨረሻ ነበሩ። በ2023 የነጻውን የዳታ መግቢያ ዘግተው አከሰሟቸው። ስለዚህ አሁን ያለው ዘዴ ጥንታዊ ነው፦ የሚከተሏቸውን ሰዎች ገጽ እየከፈቱ በመግለጫቸው ላይ የኢሜይል የሚመስል ባለሁለት «አት» (@) አድራሻ መኖሩን ማየት። ከሌለ መጠየቅ ነው። አሰልቺ ነው፣ ሌላ መንገድ ግን አልተዉልንም።

የራሳችንን አዲስ አድራሻም በመግለጫችን እንጽፋለን። በዲሴምበር 2022 ይህንኑ ከልክለው ነበር፤ ወደ ማስቶዶን የሚወስድ ሊንክ አደገኛ ነው ተባለ፣ የማስቶዶንን የራሱን አካውንት አገዱ፣ ፌስቡክንና ኢንስታግራምን ጨምሮ የሌላ መድረክ አድራሻ መጻፍን የሚከለክል ደንብ አወጡ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ደንቡን በማግሥቱ አነሱት። እንዲህ ያለ ባለንብረት ምሽቱን ሐሳቡን ቢቀይር ስለማይገርም፣ አድራሻውን በስክሪንሾት ጭምር ማስቀመጥ አይከፋም።

አካውንቱ ይዘጋ ወይስ ይቆይ? እንደኛ እምነት ይቆይ፣ ግን ጽሑፉን ተከታይ ብቻ እንዲያየው ይቆለፍ። ዝጋ ያለ ሰው 30 ቀን ይጠብቃል፤ በዚህ መሃል አንዴ ቢገባ አካውንቱ ተመልሶ ይከፈታል። የሚገባው እሱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ፈቃድ ተሰጥቶት የተረሳ አፕ ገብቶ ሊያስነሣው ስለሚችል፣ ከመዝጋት በፊት የአፖችን ፈቃድ ሁሉ መሰረዝ ያስፈልጋል። 30 ቀኑ ካለቀ በኋላ ስሙ የእሱ መሆኑ ያበቃል። በዚያ ስም ሌላ ሰው ተነሥቶ «ደህና ናችሁ ወገኖቼ፣ ትንሽ ገንዘብ ቸግሮኝ ነበር» ቢል የድሮ ወዳጆች በምን ያውቃሉ? ስለዚህ አሮጌው ጽሑፍ ይጽዳ፣ አካውንቱ ይቆለፍ፣ መግለጫው ላይ አዲሱ አድራሻ ብቻ ይቅር።

የምንሄድበትንም እንንገርዎ፣ ቅናት እንዳይሆንብዎ እንጂ። ማስቶዶን አንድ ቤት አይደለም። ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመን አገር ያለ ፕሮግራመር በ2016 ያወጣው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ማንም ሰርቨር (አካውንቶቹና ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር) አቁሞ ያስተዳድራል፤ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት አክቲቪቲፐብ በሚባል፣ የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውሥሪሲ በጃንዋሪ 2018 ባጸደቀው ስምምነት ነው። አንዱ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታል። (ክፍት ኮድ ነው ስንል የምር ነው፤ የዶናልድ ትራምፕ መድረክ ትሩዝ ሶሻልም የተሠራው በዚሁ ኮድ ነው። ሶፍትዌሩ ማንንም አይከለክልም፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚወስነው እያንዳንዱ ሰርቨር ነው።)

ሰርቨር ሲመረጥ ውበቱ አይታይም፣ «ስለእኛ» የሚለው ገጽ ይነበባል እንጂ። ማን ያስተዳድረዋል? ወጪውን ማን ይከፍላል? የትኞቹን ሰርቨሮች አግዷል? በማስቶዶን ዋና ድረ ገጽ ላይ የተዘረዘሩት ሰርቨሮች በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ፣ ከአስተዳዳሪው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ እንዲኖረው ለማድረግ፣ ሲዘጉም የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ቃል የገቡ ናቸው። አንድ ወጣት ለብቻው በክሬዲት ካርዱ የሚያንቀሳቅሰውን ሰርቨር ግን ተጠንቀቁ እንላለን፤ ልጁ ፈተና የደረሰበት ዕለት ሰርቨሩም ይዘጋል።

አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚያማርረው «ባዶ ነው» ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ባዶ ነው። እርስዎ «ለአንተ» እያሉ የማይታወቅ ሰው ጠብ እንደሚያመጡለት፣ እዚያ ማንም ምንም አያመጣለትም። ገጹ በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ የተከተለውን ያያል፣ አበቃ። መፍትሔው ሃሽታግን ራሱን መከተል ነው፣ ይህ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ይቻላል። እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊን የሚያደናቅፍ ነገር አለ፦ ሥርዓቱ የፊደል ዝምድና አያውቅም። #ሀገር፣ #ሃገር እና #አገር ለእሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። #ኢትዮጵያ እና #ኢትዮጲያም እንደዚሁ አይተዋወቁም። ሁሉንም መከተል ነው። ጽሑፍ ሲላክም ከሥር ያለው የቋንቋ ምርጫ «አማርኛ» ላይ ይሁን፤ ካልሆነ ቋንቋ መርጠው የሚያነቡ ሰዎች አያገኙትም።

የሌላ ሰርቨር ሰው ገጽ ሲከፈት አሮጌ ጽሑፎቹ ላይታዩ ይችላሉ፣ ከአንድ ጽሑፍ ሥር ያሉ ምላሾችም ሊጎድሉ ይችላሉ። ሰውዬው አላገደም፤ የእኛ ሰርቨር የሚያውቀው ወደ እሱ የደረሰውን ብቻ ስለሆነ ነው። ገጹን ከመነሻ ሰርቨሩ መክፈት ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጽሑፎቹን ያሳያል። የግል መልእክት የሚባለውም ግል አይደለም፦ ጫፍ ከጫፍ አልተመሰጠረም፣ አስተዳዳሪው ሊያየው ይችላል። ከዚህ የከፋው፣ በዚያ መልእክት ውስጥ የሦስተኛ ሰው አድራሻ በ«አት» ከተጻፈ መልእክቱ ለእሱም ይደርሰዋል። ስለ አለቃ የሚያማ ሰው የአለቃውን አድራሻ አሟልቶ አይጻፍ። ሐሜት በቴሌግራምም አልተመቸ፣ እዚህ ጨርሶ አይሞከርም።

አሁን የመሸኛውን ነገር ልብ ይበሉ። ማስቶዶን ላይ ሰርቨሩ ያልተስማማው ሰው አዲሱ ሰርቨር ላይ አካውንት ይከፍታል፤ በአዲሱ ሴቲንግ ውስጥ «ከዚህ አካውንት መጥቻለሁ» ብሎ የድሮ አድራሻውን ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ አሮጌው ተመልሶ «ወደዚህ ሄጃለሁ» ይልና ፓስወርዱን ያስገባል። ተከታዮቹ በራሳቸው ይዛወራሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ እምቢ ይላል። የሚከተላቸውን፣ ያገዳቸውንና ዕልባት ያደረገባቸውን ዝርዝር ሲኤስቪ በሚባል የሰንጠረዥ ፋይል አውርዶ አዲሱ ላይ ይጭናል፤ ዝርዝሩ ስም አለው፣ የጫማ ቁጥር አይደለም። አንዴ የተዛወረ ለ30 ቀን ደግሞ መዛወር አይችልም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ካለ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሲኤስቪውን በየጊዜው ማውረድ ነው። የተጻፈው ጽሑፍም አብሮ አይሄድም፣ አሮጌው ቤት ይቀራል።

በዚህ መሠረት መሸኛው ተጽፎ፣ የሚከተሉንና የምንከተላቸው ሰዎች በሙሉ ስማቸው ተዘርዝረው እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ምላሽዎን በኢሜይል አይላኩልን፤ በማርች 2023 ለጋዜጠኞች ጥያቄ ሁሉ በራስ ሰር የላኩት መልስ የካካ ኢሞጂ እንደነበር እናስታውሳለን።

ከሠላምታ ጋር
የግቢዎ ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለማስቶዶን ሠሪዎች፤ ጽሑፍስ መቼ ነው አብሮ የሚዛወረው?