ደሙን የቀዱት ሰው “ናሙና ለቃሚ” አይባሉም

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ የሰማሁት አንድ የኤፍኤም ውይይት እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። ወሬው ስለ ኢቦላና ማርበርግ ነበር። አዘጋጁ “ኢቦላን ያገኙት ቤልጂየማዊው ፒተር ፒዮት ናቸው” አለ። አንድ አድማጭ ደወለና “ኮንጓዊው ፕሮፌሰር ሙየምቤስ?” ብሎ ጠየቀ። የጤና ባለሙያ ተብሎ የተጋበዘው እንግዳ ሳቅ ብሎ መለሰለት። “እሳቸው ናሙና ለቅመው ነው የላኩት። ናሙና ማንም ይለቅማል። ግኝት የሚባለው ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ነው።”

አዘጋጁ “ልክ ነው” አለና ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ማንም ይለቅማል?

እኔ 9 ዓመት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከገጠር ጤና ጣቢያ የመጣ ኮልድ ቦክስ ከፈትኩ። በረዶው ቀልጧል። ቲዩቦቹ ላይ የተጻፈው ስም በውሃው ታጥቦ ጠፍቷል። የግማሾቹ ደም ሄሞላይዝ አድርጓል፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሶቹ ፈርሰዋል። ያ ሁሉ መንገድ የተጓዘ ናሙና ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ሕመምተኞቹም ሌላ ቀን እንደገና ክንዳቸውን ለመርፌ ሰጡ። የቱንም ያህል ውድ ማሽን ቢኖረን ቲዩቡ ውስጥ ያልገባውን ነገር ሊያወጣልን አይችልም። ይህን የማያውቅ ሰው በጤና ባለሙያነት ማይክ ፊት ሲቀመጥ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ያምቡኩ እንሂድ። መስከረም 1976 እ.ኤ.አ. ነው። በሰሜናዊ ዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ)፣ በአንድ የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል ሰው እየረገፈ ነው። ነርሶቹ ጠዋት ጠዋት የሚሰጣቸው አምስት መርፌ ብቻ ነበር። በዚያው መርፌ ቀኑን ሙሉ ሰው ይወጋል። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞች 11ዱ ሞተዋል። ጉዳዩን አጣርተው እንዲመጡ ከዋና ከተማዋ ከኪንሻሳ የተላኩት ዣን-ዣክ ሙየምቤ ታምፉም ናቸው። የገበሬ ልጅ ናቸው። ሕክምናውን ኪንሻሳ ተምረው፣ ቤልጂየም ሉቨን ላይ በቫይረስ ጥናት ዶክትሬታቸውን ይዘው አገራቸው የተመለሱ ሰው። ሲመለሱ የጠበቃቸው ላብራቶሪ ውስጥ መመራመሪያ አይጥ እንኳ አልነበረም። ያኔ ነው በሽታው ወዳለበት ወደ ሕዝቡ መሄድ የጀመሩት።

ሆስፒታሉ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ሕመምተኛው በሽታው ያለው እዚያ ነው ብሎ ሸሽቷል። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሮች ከኪንሻሳ መድኃኒት ይዘው መጡ የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው ተመልሶ መጣ። ሙየምቤ ጓንት አልነበራቸውም። በባዶ እጃቸው ደም ቀዱ። መርፌውን ሲነቅሉት ደሙ አልቆም አለ። ጣታቸው በደም ተነከረ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሞቱት ነርሶች አስከሬን ላይም በረጅም መርፌ የጉበት ናሙና ወሰዱ። ትኩሳት የያዛትን አንዲት መነኩሲት ደግሞ አግባብተው አብራቸው ኪንሻሳ እንድትሄድ አደረጉ። ኋላ ፒዮት ይሠሩበት ወደነበረው ላብራቶሪ፣ ቤልጂየም አንትወርፕ የደረሰው የእሷ ደም ነው። መነኩሲቷ አልተረፈችም።

እንግዳው “ለቀሙ” የሚለው ይህንን ነው። ለቀማ የሚባለው እኮ ቡና ነው! ሰው የሚሞትበት ክፍል ገብቶ ይህ የምናውቀው በሽታ አይደለም ብሎ መጠርጠር ለቀማ አይባልም። መጀመሪያ የታይፎይድና የቢጫ ወባ ስም ነበር የሚነሳው። የመርፌው ቀዳዳ አልደፈን ሲል፣ የተከተበውም ያልተከተበውም እኩል ሲሞት ያዩት ዓይኖች የማን ነበሩ? እነዚያ ዓይኖች ባያዩ፣ መነኩሲቷም ያምቡኩ ብትቀበር፣ አንትወርፕ ያለው ማይክሮስኮፕ ምኑን ያይ ነበር?

እንግዳው ያላሰበበት ነገር ደግሞ አለ። ደሙ አንትወርፕ የደረሰው በፔርሙዝ ነው። አብረው ከመጡት ብልቃጦች አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሯል። እነ ፒዮት ትል የመሰለ ረጅም ቅርጽ አዩ። ይህን አልክድም። ፒዮት ያኔ 27 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ያምቡኩ ድረስ ሄደው ሠርተዋል። ነገር ግን ያዩት ከዚህ ቀደም ያልታወቀ አዲስ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጠው ማን ነው? አትላንታ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ ነው። አንትወርፕም ናሙናውን ወደ ሌላ ላብራቶሪ አሳልፏል። እንግዲህ በእንግዳው ሚዛን ከሄድን ፒዮትም ናሙና አስተላላፊ ሊባሉ ነው። ታዲያ ለምን አይባሉም? ሚዛኑ ኪንሻሳ ላይ ሲሆን ይከብዳል፣ አንትወርፕ ላይ ሲሆን ይቀላል? ፒዮት “አገኙ” ከተባለ ሙየምቤ ከእሳቸው በፊት አግኝተዋል። ሙየምቤ “ለቀሙ” ከተባለ ደግሞ ፒዮት ከእሳቸው ተቀብለው አሻገሩ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። እርሻውን አርሶ፣ አርሞ፣ አጭዶ የከመረው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ጎተራው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲጻፍ “ልክ ነው” ማለት አይቻልም።

እኔ እንደማምነው ሙየምቤ አውሮፓዊ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ክርክር ከናካቴው አይነሳም ነበር። ስማቸው ከኢቦላ ጋር ተጣብቆ በየትምህርት ቤቱ ይነገር ነበር። በዚህ ማንም ሐሳቤን አያስቀይረኝም።

የሚያበሽቀኝ ግን የውጭ ሰው ቢረሳቸው አይደለም። እኛ አፍሪካውያን፣ በገዛ ሬዲዮናችን፣ በገዛ ቋንቋችን ስንረሳቸው ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የሰውየው ሥራም እዚያ አላበቃም። በ1995 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ኪክዊት የምትባል የኮንጎ ከተማ ገባ። ሙየምቤ ተወልደው ያደጉበት አካባቢ ነው። ከ10 ሕመምተኞች 8ቱ ይሞቱ ነበር። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከበሽታው የዳኑ ሰዎችን ደም ወስደው ለ8 ሕመምተኞች ሰጡ። 7ቱ ተረፉ። የሳይንሱ ዓለም ምን አለ? ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው ብሎ ወደ ጎን ገፋው። እሺ፣ 8 ሰው ትንሽ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ምን መድኃኒት ነበር?

ሙየምቤ ሐሳቡን አልተዉትም። ከኪክዊት ወረርሽኝ ከተረፈ ሰው፣ ከ11 ዓመት በኋላ በተወሰደ ደም ውስጥ ኢቦላን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ንጥረ ነገር ተገኘ። ከአሜሪካ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ጋር የተሠራ ሥራ ነው። ኤምኤቢ114 ተባለ። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ፣ በ681 ሕመምተኞች ላይ ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር ተፈተነ። በዚህኛው የታከሙት የሞት መጠን 35 በመቶ ሆነ። ለማነጻጸሪያ በተያዘው መድኃኒት ግን ግማሽ ያህሉ ሞቱ። ቫይረሱ በደማቸው ገና ሳይበዛ በኤምኤቢ114 ከታከሙት ውስጥ ከ10 ሰው 9 ያህሉ ዳነ። የጥናቱ ጽሑፍ ላይ ቀዳሚው ስም ሳቡዌ ሙላንጉ የሚባል ኮንጓዊ ሐኪም ነው። ሙየምቤ ከሚመሩት የኪንሻሳው የባዮሜዲካል ምርምር ተቋም የወጣ ሰው ነው። በ1976 ደም በፔርሙዝ ወደ ውጭ የላከች አገር መድኃኒቱን በገዛ ዶክተሮቿ ፈትና አሳየች። ይህን ሁሉ የሠራው “ናሙና ለቃሚ” ነው እንግዲህ?

ስለ ሽልማቱም አንድ ነገር ልበል። ጃፓን በሂዴዮ ኖጉቺ ስም የምትሰጠው የአፍሪካ ሽልማት አለ። ኖጉቺ ቢጫ ወባን ሊያጠኑ አክራ መጥተው በዚያው በሽታ በ1928 እ.ኤ.አ. የሞቱ ሳይንቲስት ናቸው። የሕክምና ምርምሩን ሽልማት በ2013 እ.ኤ.አ. ፒዮት ወሰዱ። ሙየምቤ የወሰዱት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ስድስት ዓመት ዘግይቶ! አንትወርፕ የተቀበለው ቀድሞ ተሸለመ፣ ያምቡኩ የቀዳው ቆይቶ። የሸለሟቸውን አመሰግናለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አልቀበለውም።

“ስም ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። ብዙ ያደርጋል። ግኝቱ የማን ነው ብለን ካሰብን ናሙናውን ወደዚያው እንልካለን። ላብራቶሪውም፣ ገንዘቡም፣ ተማሪውም ወደዚያው ይሄዳል። ሙየምቤ ይህን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ነው የኮንጎ ሕመምተኞች ናሙና ኮንጎ ውስጥ ይቅር፣ እዚያው ይመርመር ብለው አቋም የያዙት። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲገኝ የመረመረው አዲስ አበባ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ማርበርግ የኢቦላ የቅርብ ዘመድ ነው። ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ጂንካ ላይ የዚያን ሕመምተኛ ክንድ ይዞ ደም የቀዳውን ልጅ አስቡት። ያ ልጅ ያን ዕለት ሬዲዮ ከፍቶ “ናሙና ማንም ይለቅማል” ሲባል ቢሰማ ምን ይሰማዋል?

ትናንት ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና አዳመጠችኝ። እርማት እንዲነገር እንደምፈልግ ነገርኳት። ስማቸውን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ዣን-ዣክ ሙየምቤ ታምፉም። ፊደል በፊደል አስጻፍኳት፣ መልሳም አነበበችልኝ። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ሐሙስ ነው። እየጠበቅኩ ነው።