የመብራት ቆረጣ ስልክ ለሬስቶራንት ባለቤቶች

ከመብራት ካምፓኒ ነን ብለው እየደወሉ ቢዝነስ የሚያጭበረብሩ ሰዎች አሉ፣ በተለይ እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ሬስቶራንት ያላችሁ ወገኖቻችን ተጠንቀቁ። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ሆን ብለው በምሳ ሰዓት ነው የሚደውሉት፣ ቤቱ ሞልቶ ካሸሯ ካርድ እያስከፈለች «በ30 ደቂቃ ካልከፈላችሁ መብራቱ ይቆረጣል» ይላሉ፣ ስልኩ ላይ ፔፕኮ (የዚህ አካባቢ መብራት ካምፓኒ) ብሎ ቢወጣም እንዳታምኑ፣ ቁጥር ማስመሰል ለነሱ ቀላል ነው። እውነተኛው ፔፕኮ እኮ ከመቁረጡ በፊት በጽሁፍ ያስጠነቅቃል እንጂ በጊፍት ካርድ ወይ በቢትኮይን አሁኑኑ ክፈሉ አይልም። ስልኩን ዝጉትና የመብራት ቢላችሁ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። ደግሞ እባካችሁ ለሰራተኞቻችሁም ንገሯቸው፣ ስልኩን የምታነሳው ልጅ አለቃዋ በሌለበት ደንግጣ ብር ልትልክላቸው ትችላለች፣ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ብር መላኪያ) የሄደ ብር ደግሞ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።